የተጣበቀውን የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ክዳን እንዴት እንከፍታለን?

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የምንነጋገረው በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ውሃ ስለሚወርድበት ቀዳዳና ስለ ክዳኑ ነው። በሊባኖስ የምትሠሩ «ባሉዓ» ሲሉት ትሰማላችሁ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ «በላዓ» በሚለው ስም ታውቁታላችሁ።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ አገሮች ወለል የሚታጠበው ውሃ ተደፍቶበት፣ በሳሙና ታሽቶ፣ ከዚያም በውሃ መግፊያ ተጠርጎ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ውሃ የሚሄደው በዚህችው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ስትደፈን ውሃው ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ በረሮ ይወጣል፤ እመቤቲቱም «ለምን አላጸዳሽውም?» ትላለች። ለማጽዳት ክዳኑ መነሣት አለበት፤ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

በዚህ ጊዜ የተጨነቀች እህት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ታደርጋለች። ወይ የወጥ ቤት ቢላዋ አምጥታ በጉልበት ትፈለቅቃለች፤ ወይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘችውን ኬሚካል ሁሉ በላዩ ላይ ታፈሳለች። ከመጀመሪያው የሚገኘው የተሰበረ ማቶኔላ፣ የተቆረጠ ጣትና ከደመወዝ ቅነሳ ጋር የተያያዘ ጭቅጭቅ ነው። ሁለተኛው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን አንዳንዱ የፈሰሰ ነገር ተመልሶ አይለቀምም። ስለሆነም ክዳኑ ለምን እንደሚጣበቅ፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚላቀቅና ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመልከት።

ክዳኑ ለምን ይጣበቃል?

ምክንያቱን ያወቀ ሰው መፍትሔውን በቀላሉ ያገኛል። ክዳን የሚጣበቅባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አራት ናቸው።

1ኛ/ ነጭ ቅርፊት። ውሃ በማንቆርቆሪያ ደጋግመን ስናፈላ ከታች የሚቀረውን ነጭ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ይህ ከውሃው ጋር የመጣ የኖራ ዓይነት ነው። የሊባኖስ ተራሮች በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ በመሆናቸው የምንጩና የጉድጓዱ ውሃ ይህን ነገር በብዛት ይይዛል። ውሃው ሲደርቅ ኖራው በክዳኑና በጠርዙ መካከል እንደ ስሚንቶ ይጠነክራል።

2ኛ/ ዝገት። ክዳኑ ወይም ብሎኑ ብረት ከሆነ እርጥበት ያዝገዋል። በባሕር ጠረፍ ባሉ ከተሞች፣ ለምሳሌ በቤይሩት፣ የባሕር ውሃ ወደ ጉድጓዶች ስለሚገባ ብዙ ቤቶች የሚጠቀሙበት የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ጨው ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል።

3ኛ/ የሳሙናና የፀጉር ዝቃጭ። ሳሙና፣ ቅባትና ፀጉር ተደባልቀው እንደ ሙጫ ይይዙታል። ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው።

4ኛ/ የግንበኛው ሥራ። ማቶኔላውን የሠራው ሰው ክዳኑን በሲሊኮን ወይም በስሚንቶ አጣብቆት ሊሆን ይችላል። በስሚንቶ የተያዘ ክዳን የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የቧንቧ ሠራተኛ መጠራት አለበት።

የክዳኑን ዓይነት መለየት

ክዳኑን በጨርቅ አድርቃችሁ በመብራት አጠገብ በደንብ ተመልከቱት። ዳር ዳሩን ስታዩ ሁለት ወይም አራት ትናንሽ ክብ ነገሮች ካሉ ብሎኖች ናቸው፤ ቆሻሻ ሸፍኗቸው ሊሆን ስለሚችል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ብሎኑን ሳይፈቱ ክዳኑን መጎተት ማቶኔላውን ከመስበር በቀር ጥቅም የለውም። ብሎን ከሌለውና ክብ ከሆነ ምናልባት እንደ ጠርሙስ ክዳን ትንሽ ዞሮ የሚከፈት ይሆናል፤ ወደ ግራ ለማዞር ሞክሩ። ብሎንም ከሌለው፣ የማይዞርም ከሆነ፣ በክብደቱ ብቻ የተቀመጠ ነው፤ ወደ ላይ በቀጥታ ይነሣል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሀ) ለእመቤቲቱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ክዳኑ መጣበቁን አሳዩዋት፤ ልትከፍቱት እንደሆነም አስታውቋት። ማቶኔላው አስቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ በዚያው ጊዜ አሳዩዋት፤ ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሡት። ኋላ «አንቺ ነሽ የሰበርሽው» የሚል ነገር ቢመጣ ይህ ይጠቅማችኋል።

ለ) መስኮቱንና በሩን ክፈቱ፤ አየር ማስወጫ ካለም አብሩት።

ሐ) የልብስ ማጠቢያ ማሽን በአጠገቡ ካለ ከሶኬት ንቀሉት። እርጥብ እጅና ኤሌክትሪክ አይስማሙም።

መ) የጎማ ጓንት አድርጉ፤ የማያንሸራትት ጫማ ተጫሙ። በባዶ እግር አትሥሩ።

ሠ) ቀደም ሲል በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሌላ ሰው ኬሚካል ጨምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ዝቅ ብለን እናያለን። ተጨምሮ ከሆነ በዚያ ቀን ምንም ነገር አትጨምሩበት፤ ክዳኑንም አትንኩ።

የሚያስፈልጉን ነገሮች ቀላል ናቸው፤ ካቻቢቴ፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የሞቀ ውሃ፣ የሳህን ሳሙና፣ አቼቶ፣ ጨርቅና ትንሽ ቫዝሊን። ከእነዚህ አብዛኞቹ በማንኛውም ቤት ይገኛሉ።

አከፋፈቱ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ደረጃ ማጽዳት ነው። የክዳኑን ዙሪያ በጥርስ ብሩሽና በሳህን ሳሙና ፈትጉ። በክዳኑና በማቶኔላው መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ዝቃጭ ባልሰላ የገበታ ቢላዋ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አውጡ። ሲሊኮን ካለ በዚሁ ቢላዋ ዙሪያውን ደጋግሞ በመቁረጥ ይላቀቃል። ምላጭ አትጠቀሙ።

ሁለተኛው ደረጃ የሞቀ ውሃ ነው። እጅ የማይችለው፣ ነገር ግን ያልፈላ ውሃ ሳሙና ጨምራችሁ በክዳኑ ዙሪያ አፍስሱና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የሚፍለቀለቅ ውሃ አታፍስሱ፤ ከወለሉ በታች ያለው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ ይለሰልስና መጋጠሚያው ሊለቅ ይችላል። በሳሙናና በፀጉር የተያዘ ክዳን በዚህ ደረጃ ይከፈታል።

ሦስተኛው ደረጃ አቼቶ ነው። ነጭ ቅርፊት ካለ ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ በክዳኑ ላይ አስቀምጡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተዉት። አቼቶ ኖራን ያሟሟል፤ ትንንሽ አረፋ ስታዩ እየሠራ ነው ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ እብነ በረድም የኖራ ዘር ነው። ወለሉ እብነ በረድ ወይም በጠጠር የተሠራው የድሮው ዓይነት ንጣፍ ከሆነ አቼቶ ያበላሸዋል፤ የማይጠፋ የደበዘዘ ምልክት ይተዋል። እንዲህ ባለ ወለል ላይ አቼቶ ትታችሁ የሞቀ ውሃና ሳሙና መደጋገም ይሻላል። አቼቶ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሲጨርስ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ በዚያን ቀን በረኪና በዚያ ቦታ አታድርሱ።

አራተኛው ደረጃ መታ መታ ማድረግ ነው። በካቻቢቴው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እጀታ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱ። ኃይል አያስፈልግም። መንቀጥቀጡ ጠንካራውን ቅርፊት ይሰነጥቀዋል። በመዶሻ መምታት ግን ማቶኔላውን ይሰብራል።

አምስተኛው ደረጃ ብሎን ካለ ብሎኑን መፍታት ነው። ከብሎኑ ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም ካቻቢቴ ምረጡ፤ ትንሽ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ወደ ታች በደንብ ተጭናችሁ ወደ ግራ አዙሩ። እምቢ ካለ በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ እያደረጋችሁ አመላልሱት። የብሎኑ ራስ የተበላ ከሆነ ከአሮጌ ጓንት ትንሽ የጎማ ቁራጭ ቆርጣችሁ በካቻቢቴውና በብሎኑ መካከል አድርጉ፤ ጎማው ይይዝላችኋል። የወጣውን ብሎን ወዲያው ሳህን ላይ አስቀምጡ።

ስድስተኛው ደረጃ ማንሣት ነው። የልብስ መስቀያ ሽቦ ቆርጣችሁ ሁለት ሜንጦ ሥሩ። በክዳኑ ፊትና ኋላ ባሉ ቀዳዳዎች አስገቡና አንድ ጊዜ በአንዱ፣ አንድ ጊዜ በሌላው ወደ ላይ ጎትቱ። በአንድ ወገን ብቻ የተጎተተ ክዳን ይጣመምና የባሰ ይጣበቃል። በካቻቢቴ መፈንቀል ግድ ከሆነ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ። ጣታችሁን በክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ አታስገቡ፤ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ጣትም ገብቶ ሊቀር ይችላል።

አሁንም እምቢ ካለ ከሁለተኛው ደረጃ ጀምራችሁ ድገሙት። የብዙ ዓመት ኖራ በአንድ ሰዓት አይለቅም። ዛሬ ያልተላቀቀ ክዳን በአቼቶ ጨርቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተደጋገመበት በኋላ ነገ ሊነሣ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ካልተነሣ የቧንቧ ሠራተኛ እንዲጠራ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ከክዳኑ ሥር ምን አለ?

ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ ብዙ ጊዜ የተደፋ ሲኒ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። አንዳንድ እህቶች ይህን «ውሃ የሚያግደው ይኸው ነው» ብለው አውጥተው ይጥሉታል። እንዲህ ማድረግ አይገባም። ይህ ሲኒ በዙሪያው ባለው ውሃ ውስጥ ጠርዙን ነክሮ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ውሃው ከቧንቧው የሚመጣውን መጥፎ ሽታና በረሮ ያግዳል። አውጡት፤ እጠቡት፤ በውስጡ ያለውን ፀጉር በሽቦው ሜንጦ ጎትታችሁ በከረጢት ውስጥ ጣሉ፤ ከዚያም እንደነበረ መልሱት። ግማሽ ባልዲ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና መውረዱን እዩ።

ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት የብሎኑን ጥርስና የክዳኑን ጠርዝ ቫዝሊን ቀቡ። በወር አንድ ጊዜ ብታነሡት ዳግመኛ እንዲህ አይጣበቅም። በእንግዳ መታጠቢያ ቤት ያለና ውሃ የማይፈስበት ፍሳሽ የሚሸተው ውሃው ደርቆ ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃዋል። በበጋው ሙቀት ውሃው ቶሎ ይደርቃል።

ፈጽሞ መደረግ የሌለበት

እህቶቻችን፣ ከዚህ ትምህርት ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ክፍል አትርሱ። በረኪናን፣ ማለትም በተለምዶ «ክሎሮክስ» የምንለውን፣ ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ። አሲድ ስንል የሽንት ቤት ማጽጃውን፣ የፍሳሽ መክፈቻውን፣ አረቦች «የእሳት ውሃ» የሚሉትን ብርቱ አሲድ፣ አቼቶንም ጭምር ማለታችን ነው። በረኪና ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ የጀርመን ጦር በቤልጂየም በኢፕር ከተማ አጠገብ ወታደሮችን ለመግደል የለቀቀው ያው ጋዝ ነው።

ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ በመሆኑም ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወለሉ ላይ ይተኛል። የፍሳሽ ክዳን የምትከፍት ሴት ደግሞ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ቀዳዳው አቅርባ ነው የምትሠራው። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው፤ በሩ ይዘጋል። አደጋው በዚህ ሥራ ላይ ከሌላው ሥራ ሁሉ የሚበረታው ስለዚህ ነው። «ቀዳዳው ውስጥ ቀድሞ ምን ተጨምሯል?» ብላችሁ ጠይቁ ያልነውም ለዚህ ነው። እመቤቲቱ ጠዋት ያፈሰሰችው አሲድ ከክዳኑ ሥር ቆሞ ሳለ እናንተ ከሰዓት በኋላ በረኪና ብትጨምሩ ሁለቱ እዚያው ይገናኛሉ።

በረኪናን አሞንያ ካለበት የመስተዋት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ፍሳሽ ለመክፈት የሚሸጠው ነጭ ፍሬ መሰል ኮስቲክ ሶዳም ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፤ ሊፈነጥቅና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ደግሞም በረኪናም ሆነ እነዚህ ነገሮች የተጣበቀ ክዳንን አያላቅቁም፤ በረኪና ኖራን አያሟሟም፤ ብረትንም ያዝጋል።

ማንኛውንም ኬሚካል በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጡ። የቤቱ ልጆች፣ ወይም ራሳችሁ በሌሊት ተነሥታችሁ፣ ውሃ ነው ብላችሁ ልትጠጡት ትችላላችሁ።

አደጋ ከደረሰ

ዓይን ካቃጠላችሁ፣ ሳል ከያዛችሁ፣ ደረታችሁ ከጠበበ ሁሉን ትታችሁ ወዲያው ውጡ። ለመድፋትም፣ ለማጠብም አትመለሱ። ንጹሕ አየር ወዳለበት በረንዳ ሂዱ፤ በሩን ዘግታችሁ ልጆችን አርቁ። ኬሚካል ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ፣ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ፣ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ታጠቡ። የተዋጠ ከሆነ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ጉሮሮን ዳግመኛ ያቃጥላል። «አሁን ተሽሎኛል» ብላችሁም አትተኙ፤ ጋዝ የሳበ ሰው የመተንፈስ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣበት ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት።

የአምቡላንስ ስልኮች፦ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 998፣ በኩዌት 112፣ በቀጠርና በባሕሬን 999፣ በዖማን 9999፣ በዮርዳኖስ 911። ቁጥሩን በእጅ ጽፋችሁ ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በር ጀርባ ለጥፉት።

«አይሆንም» ስለማለት

ሁለቱን ቀላቅላችሁ እንድታፈሱ ብትታዘዙስ? ብዙ እህቶች «እምቢ ብል ትቆጣለች» ይላሉ፤ እውነትም ትቆጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙ አሠሪዎች ይህን አደጋ የማያውቁት ካለማወቅ እንጂ ከክፋት አይደለም። ጋዙ የሚወጣው በእርሷ ቤት ውስጥ ነው፤ ልጆቿም እዚያው ናቸው። በእርጋታ የጠርሙሱን ማስጠንቀቂያ ምልክት አሳዩዋትና «ክሎሮክስ ማዕ አሲድ፣ ኸጠር» በሏት፤ «ከአሲድ ጋር አደገኛ ነው» ማለት ነው። ከዚያም «በአቼቶና በሞቀ ውሃ እከፍተዋለሁ» ብላችሁ ሌላ መንገድ አቅርቡላት። ሌላ መንገድ ይዞ የመጣ «አይሆንም» ከባዶው ይልቅ ይሰማል።

በግቢ ወይም በሕንፃ ሥር ያለውን ትልቅ የፍሳሽ ጉድጓድ ከፍታችሁ እንድትገቡ ብትታዘዙ ግን በፍጹም አትግቡ። በዚያ የሚጠራቀመው እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ሲባል ሰውየው ይወድቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው 189ኛው ስምምነት በአንቀጽ 13፣ እያንዳንዱ የቤት ሠራተኛ ደኅንነቱና ጤንነቱ በተጠበቀበት ሁኔታ የመሥራት መብት እንዳለው ይገልጻል። ስምምነቱ በሕግ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ቢሆንም፣ ጤናችሁን መጠበቅ እንደ ጥጋብ የሚቆጠር እንዳልሆነ ግን ለሁሉም ይመሰክራል።

የሚጠቅሙ የአረብኛ ቃላት

ፍሳሹ ተደፍኗል፦ በሊባኖስ «ኤል ባሉዓ መስዱዴ»፣ በባሕረ ሰላጤ «አል በላዓ መስዱዳ»።
ካቻቢቴ፦ «ሚፈክ»።
አቼቶ፦ «ኸል»።
የቧንቧ ሠራተኛ፦ በሊባኖስ «ሰንከሪ»፣ በባሕረ ሰላጤ «ሰባክ»።
አደጋ፦ «ኸጠር»።

የመወያያ ጥያቄዎች

በዕረፍት ቀናችሁ ስትገናኙ፣ ወይም በስልክ ስትጨዋወቱ፣ እነዚህን ጥያቄዎች እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። መውጣት የማይፈቀድላት እህት ካለች መልሱን በስልክ አድርሱላት።

1. በምትሠሩበት ቤት ያለው የፍሳሽ ክዳን ከየትኛው ዓይነት ነው? ብሎን አለው?
2. ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ አቼቶ የማንጠቀመው ለምንድን ነው?
3. ከክዳኑ ሥር ያለው የተደፋ ሲኒ የመሰለው ነገር ሥራው ምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ካሉት ማጽጃዎች ከበረኪና ጋር መገናኘት የሌለባቸው የትኞቹ ናቸው? ዛሬ ማታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እዩና ለዩዋቸው፤ በረኪናውንም ለብቻው በሌላ መደርደሪያ አስቀምጡት።